ሳይኮፓታዊ ባሕርያት በኩባንያ መሪዎች ዘንድ

በኩባንያ መሪዎች ዘንድ የሚታዩ ሳይኮፓታዊ ባሕርያት ሲባል ጸጸት አለመኖር፣ ለሌላው ሰው ስሜት ደንታ ማጣት፣ አታላይነት፣ ለራስ የሚሰጥ የተጋነነ ግምትና ላይ ላዩን የሚማርክ ተግባቢነት ተጣምረው በአንድ የንግድ ድርጅት ኃላፊ ላይ መገኘታቸው ማለት ነው። ጉዳዩን የሥነ ልቦና፣ የወንጀል ሳይንስና የሥራ አመራር ተመራማሪዎች በየፊናቸው ያጠኑታል። ከኤንሮን መውደቅና ከ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ በኋላ፣ ትልልቅ የኩባንያ ወንጀሎችን የሚፈጽሙት «ኮትና ከረባት ያደረጉ ሳይኮፓቶች» ናቸው የሚለው አባባል በጋዜጦችና በቴሌቪዥን በሰፊው ተሰራጭቷል። ጥናቶቹ የሚያሳዩት ሥዕል ግን ከዚህ የተለየ ነው። ባሕርያቱ አንድን ሰው ወደ ኃላፊነት ለማውጣት በጥቂቱ ይረዱታል፤ ከወጣ በኋላ መሥሪያ ቤቱንና የበታቾቹን ይጎዳል፤ ይሁንና በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ማጭበርበር በአንድ ሰው ክፋት ብቻ አይፈጸምም። የሒሳብ ሠራተኞች፣ ኦዲተሮች፣ ጠበቆችና የቦርድ አባላት ወይ ሲተባበሩ ወይ ዝም ሲሉ ነው የሚፈጸመው።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስያሜውና ትርጉሙ

ሳይኮፓቲ የሚለው ቃል የተገነባው ነፍስና ሕመም ከሚል ፍች ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት ነው። በአማርኛ «ሕሊና ቢስነት» ቢባል ለሐሳቡ ይቀርባል፤ «አፉ ቅቤ፣ ልቡ ጩቤ» የሚለው አነጋገርም የባሕርይውን ግማሽ በደንብ ይይዘዋል። በዕለት ንግግር ሳይኮፓት የተባለ ሰው እብድ ወይም ነፍሰ ገዳይ ይመስላል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። እንዲህ ያለ ሰው የሌለ ድምፅ አይሰማም፤ የሌለ ነገር አያይም፤ የሚያደርገውን ያውቃል፤ ድርጊቱ በሕግ የተከለከለ መሆኑንም ያውቃል። የጎደለው እውቀት ሳይሆን፣ ሌላው ሲጎዳ ማንኛችንንም የሚቆነጥጠን ያ ስሜት ነው። ብዙዎቹም በሕይወታቸው ሰው መተው አያውቁም።

የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በሚያወጣው የምርመራ መመሪያ ውስጥ ሳይኮፓቲ ራሱን የቻለ የሕመም ስም ሆኖ አልሰፈረም። በጣም የሚቀርበው «ፀረ ማኅበራዊ የስብዕና መዛባት» የሚባለው ነው። ልዩነቱ ለዚህ ርእስ ዋጋ አለው። ፀረ ማኅበራዊ መዛባት በአብዛኛው የሚለካው በሚታይ ድርጊት ነው፤ ይኸውም ሕግ በመጣስ፣ በጠብ፣ ዕዳን ባለመክፈል፣ ከልጅነት ጀምሮ በታየ የባሕርይ ችግር ነው። ሳይኮፓቲ ግን ከድርጊቱ ጀርባ ያለውን የስሜት ቅዝቃዜም ይጨምራል። ስለዚህ ጥሩ ቤተሰብ ውስጥ ያደገ፣ የተማረ፣ አንድም ቀን ያልታሰረ ሰው የፀረ ማኅበራዊ መዛባትን መስፈርት ሳያሟላ ሳይኮፓታዊ ባሕርያት በብዛት ሊኖሩት ይችላል።

ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው፣ ነገሩ የመጠን ጉዳይ መሆኑ ነው። እንደ እርግዝና አለ ወይም የለም አይባልም፤ እንደ ደም ግፊት ከፍና ዝቅ ይላል። በ2002 የካናዳ ተመራማሪዎቹ ዴልሮይ ፖልኸስና ኬቪን ዊልያምስ ሳይኮፓቲን ከናርሲሲዝም (ራስን ከማምለክ) እና ከማኪያቬላዊነት (ከስሌታዊ ተንኮል) ጋር አጣምረው «የጨለማው ሦስትዮሽ» የሚል ስም ሰጥተዋቸዋል። በሥራ ቦታ ላይ የሚደረጉ ጥናቶች ብዙ ጊዜ ሦስቱን አብረው ይለካሉ።

የጥናቱ አመጣጥ

የዘመናዊው ጥናት መነሻ በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ በኦገስታ ከተማ ይሠራ የነበረው የአእምሮ ሐኪም ኸርቪ ክሌክሊ በ1941 ያሳተመው «የጤነኝነት ጭንብል» የተሰኘ መጽሐፍ ነው። ክሌክሊ የገለጻቸው ሕሙማን አብዛኞቹ በተደጋጋሚ ሆስፒታልና እስር ቤት የሚመላለሱ ነበሩ። ነገር ግን በመጽሐፉ ውስጥ ሳይኮፓትን እንደ ነጋዴ፣ እንደ ሐኪም፣ እንደ ሳይንቲስት የሚያሳዩ ክፍሎችም አስገብቷል። እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን ይዘው፣ ቤታቸውን አቁመው የሚኖሩ ሲሆኑ፣ ጭንብሉ አልፎ አልፎ ብቻ ነበር የሚወልቀው። ዛሬ «የተሳካለት ሳይኮፓት» እየተባለ የሚጠራው ሰው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው።

በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ካናዳዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሮበርት ሄር የክሌክሊን ገለጻ ወደ መለኪያ ለወጠው። መመዘኛው መጀመሪያ በ1980፣ ተሻሽሎ ደግሞ በ1991 ወጣ። 20 ነጥቦች አሉት። እያንዳንዱ ነጥብ ለሰውየው ጨርሶ የማይስማማ ከሆነ 0፣ በከፊል ከሆነ 1፣ በትክክል ከሆነ 2 ይሰጠዋል። ከፍተኛው ድምር 40 ሲሆን፣ በሰሜን አሜሪካ 30 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ሳይኮፓት ይባላል። ነጥቡን የሚሰጠው የሠለጠነ ባለሙያ ነው፤ ረጅም ቃለ መጠይቅ አድርጎ፣ የሰውየውን ፋይል መርምሮ፣ የተናገረውን ከተጻፈው ጋር አመሳክሮ ነው። ፋይል የሌለው ግምገማ ዋጋ የለውም፤ ምክንያቱም የሚመረመረው ሰው ዋና ችሎታ መዋሸት ነው።

መመዘኛው የተሠራው በእስረኞች ላይ ነው። ከነጥቦቹ ውስጥ በወጣትነት ወንጀል መፈጸም፣ በአመክሮ ተለቆ ገደቡን መጣስ፣ ልዩ ልዩ ዓይነት ወንጀሎችን መሥራት ይገኙባቸዋል። የባንክ ሥራ አስኪያጅ በእነዚህ ላይ ነጥብ የማግኘት ዕድሉ ጠባብ ነው፤ በሌሎቹ ግን፣ ማለትም በአፈ ጮሌነት፣ በትዕቢት፣ በአታላይነትና በጸጸት አልባነት፣ ሙሉ ሊያገኝ ይችላል። ሄር ራሱ፣ ሳይኮፓቶችን በእስር ቤት ባያጠና ኖሮ በአክሲዮን ገበያ ያጠናቸው እንደነበር በመናገሩ ይታወቃል። ይህ የቀልድ ያህል የተነገረ አስተያየት ሲደጋገም እንደ ጥናት ውጤት ተቆጥሯል።

እንዴት ወደ ላይ ይወጣሉ?

ይህን ጥያቄ በቅርብ የተከታተለው በድርጅቶች ውስጥ የሚያማክረው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፖል ባቢያክ ነው። እሱና ሄር በ2006 ባሳተሙት መጽሐፍ የገለጹት ሂደት ለአንባቢ እንግዳ አይሆንም። ሰውየው በቃለ መጠይቅ ያስደምማል፤ ከተቀጠረ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ወራት ማን ምን ሥልጣን እንዳለው፣ ማን ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚፈራ ያጠናል። ከላይ ያሉትን አንድ ሁለት ባለሥልጣናት ደጋፊዎቹ ያደርጋል። ከጎኑና ከበታቹ ያሉትን ለሥራው ይጠቀምባቸዋል፤ ሲጨርስ ይጥላቸዋል። በሰዎች መካከል ወሬ እያመላለሰ እርስ በርስ እንዳይተማመኑ ያደርጋል፤ ምክንያቱም ሁለት ባልደረቦች ቁጭ ብለው የየራሳቸውን ታሪክ ቢያነጻጽሩ ውሸቱ ይገለጣል። በመጨረሻም፣ ደጋፊው የነበረውን አለቃ ራሱን ገፍቶ ቦታውን ይይዛል።

እንዲህ ያለ ሰው የሚመቸው መሥሪያ ቤት ዓይነት አለው። ደንቡ የረጋ፣ እድገቱ በዓመታት የሚመጣ፣ እያንዳንዱ ወረቀት ሦስት ፊርማ የሚፈልግበት ቢሮ ለእሱ እስር ቤት ነው። ኩባንያዎች ሲዋሃዱ፣ ሲገዙና ሲሸጡ፣ አለቆች በየስድስት ወሩ ሲለዋወጡ፣ ያለፈ ሥራ ሳይጠየቅ አዲስ ዕቅድ ብቻ ሲጨበጨብለት ግን በሩ ይከፈትለታል። ባቢያክ ሐሳቡን ያዳበረው የአሜሪካ ኩባንያዎች በዚህ ዓይነት ለውጥ ውስጥ በነበሩበት ጊዜ ነው።

በ2019 ካረን ላንዴይ፣ ፒተር ሃርምስና ማርከስ ክሬዴ ቀደም ብለው የተደረጉ በርካታ ጥናቶችን ደምረው ተነተኑ። ሳይኮፓታዊ ዝንባሌ መሪ ሆኖ ብቅ ከማለት ጋር ያለው ዝምድና በጎ ግን ደካማ ሆኖ ተገኘ። መሪ ሆኖ ውጤታማ ከመሆን ጋር ያለው ዝምድና ደግሞ አሉታዊ ነው፤ ይህም ቢሆን ደካማ ነው። በጾታ ረገድ የታየው ልዩነት ያስገርማል። ወንዶችን በጥቂቱ የሚጠቅመው ያው ባሕርይ ሴቶችን ይጎዳቸዋል። ጨካኝነት በወንድ ላይ ሲታይ «ቆራጥ» ይባላል፤ በሴት ላይ ሲታይ ግን ሌላ ስም ይወጣለታል።

ምን ያህል ናቸው?

በጠቅላላው ሕዝብ ውስጥ ሳይኮፓት የሚባሉት 1 በመቶ ገደማ እንደሆኑ ይገመታል። ስለ ኩባንያ መሪዎች የሚጠቀሱት ቁጥሮች ከ4 በመቶ እስከ 21 በመቶ ይደርሳሉ። ሁለቱም ከየት እንደመጡ ማወቅ ይጠቅማል።

4 በመቶ የሚለው የባቢያክ፣ የክሬግ ኖይማንና የሄር የ2010 ጥናት ውጤት ነው። ከ7 የአሜሪካ ኩባንያዎች የተውጣጡ 203 ኃላፊዎችና ለኃላፊነት የታጩ ሠራተኞች ተገመገሙ። 30 እና ከዚያ በላይ ያገኙት 8 ሰዎች፣ ማለትም 3.9 በመቶ ናቸው። ስምንት ሰው ብቻ መሆኑን አንባቢ ያስተውል፤ ሁለት ሰው ቢጨመር ወይም ቢቀነስ መቶኛው በእጅጉ ይለዋወጣል። ሰዎቹም በዕጣ የተመረጡ አልነበሩም፤ ኩባንያዎቻቸው ለአመራር ሥልጠና ያጯቸው ናቸው። ከዚያው ጥናት ብዙ ጊዜ የማይጠቀሰው ክፍል ደግሞ፣ ከተገመገሙት እጅግ የሚበዙት ዝቅተኛ ነጥብ ማግኘታቸው ነው።

ከጥናቱ ይበልጥ ጠቃሚ የሆነው ሌላ ግኝት ነው። ከፍተኛ ነጥብ ያገኙት ሰዎች በአለቆቻቸው ዘንድ ጥሩ ተናጋሪ፣ ፈጣሪና አርቆ አሳቢ ተብለው ተመዝግበዋል። ሠራተኛ በማስተዳደር፣ ከሌሎች ጋር በመሥራትና በተጨባጭ የሥራ ውጤት ግን የተሰጣቸው ግምገማ ዝቅ ያለ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ንግግራቸው ከሥራቸው ቀድሞ ያሳድጋቸዋል።

21 በመቶ፣ ወይም «ከአምስት ሥራ አስፈጻሚ አንዱ» የሚለው አባባል በ2016 ከአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ዘንድ ወጥቶ ዓለምን የዞረ ነው። የተጠኑት 261 ሰዎች ግን በአሜሪካ የአቅርቦት ሰንሰለት ሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚዎች አልነበሩም። የጋዜጣ ርእስ ከጥናት የሚሮጠው እንዲህ ነው።

ቀደም ሲል በ2005 ቤሊንዳ ቦርድና ካታሪና ፍሪትዞን 39 የብሪታንያ ከፍተኛ ሥራ አስኪያጆችን በብሮድሙር ሆስፒታል ካሉ ወንጀለኛ ሕሙማን ጋር አነጻጽረው ነበር። ሥራ አስኪያጆቹ ትኩረት ፈላጊነትን በመሳሰሉ አንዳንድ ባሕርያት ከሕሙማኑ አላነሱም። በጠበኝነትና ሕግ በመጣስ ግን ዝቅ ብለው ታይተዋል።

ከወንጀል ጋር ያለው ግንኙነት

«የነጭ ኮሌታ ወንጀል» የሚለውን ስም የፈጠረው አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ሳይንስ ሊቅ ኤድዊን ሰዘርላንድ ነው፤ በ1939 ባደረገው ንግግር። ነጭ ኮሌታ ሲል እጁ በዘይት የማይቆሽሽ፣ ሸሚዝ ለብሶ ቢሮ የሚሠራ ሰው ማለቱ ነበር። በ1949 ባወጣው መጽሐፍ የ70 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን መዝገብ መርምሮ ፍርድ ቤቶችና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች በእነሱ ላይ የሰጧቸውን 980 ውሳኔዎች ቆጥሯል። አሳታሚው ክስ ስለፈራ የኩባንያዎቹ ስም ተሰርዞ ነው የታተመው፤ ሙሉው የወጣው በ1983 ነው።

ሰዘርላንድ ስለ ሳይኮፓቲ የነበረው አቋም ግልጽ ነበር፤ አይቀበለውም። በዘመኑ ወንጀልን በድህነት ወይም በተበላሸ ስብዕና ማስረዳት የተለመደ ነበር። እሱ ግን፣ የኩባንያዎቹ ኃላፊዎች ድሆች አይደሉም፣ የአእምሮ ችግርም የለባቸውም፣ ወንጀሉን የተማሩት እንደ ማንኛውም ሙያ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ነው አለ። አዲስ ሻጭ ሚዛን ማጭበርበርን ከነባሩ ሻጭ ይማራል፤ ከእውቀቱ ጋርም «ሁሉም የሚያደርገው ነው» የሚለውን ማስታገሻ ይቀበላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው የአገራችን ብሂል የሚያስተምረው ትምህርት ከዚህ አይለይም። ተማሪው ዶናልድ ክሬሲ ደግሞ የታመኑበትን ገንዘብ የወሰዱ እስረኞችን አነጋግሮ በ1953 ሦስት ነገሮች እንደሚደጋገሙ ጻፈ፦ ለማንም የማይነገር የገንዘብ ችግር፣ ምቹ አጋጣሚ፣ ለራስ የሚሰጥ ማመካኛ። ኦዲተሮች እስካሁን «የማጭበርበር ሦስት ማዕዘን» እያሉ ይማሩታል። ማመካኛው ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። «እመልሰዋለሁ፣ ብድር ነው» ብሎ ራሱን የሚያባብል ሰው የሚወቅሰው ሕሊና አለው ማለት ነው። ጸጸት የማያውቅ ሰው ማመካኛ አያሻውም።

ስብዕናን በቀጥታ የለኩ ጥናቶች አንድ ዓይነት መልስ አልሰጡም። በ1993 ጁዲት ኮሊንስና ፍራንክ ሽሚት በአሜሪካ ፌደራል እስር ቤቶች ያሉ የነጭ ኮሌታ ወንጀለኞችን በኃላፊነት ሥራ ላይ ካሉ ሰዎች ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ወንጀለኞቹ ለደንብ ግድ የማይሰጣቸውና እምነት የማይጣልባቸው ሆነው ተገኙ። በ2006 በጀርመን በጌርሃርድ ብሊክለና ባልደረቦቹ የተደረገው ጥናት ደግሞ የታሰሩት ሥራ አስኪያጆች ራሳቸውን የሚያደንቁ፣ ምቾት ወዳድና ራስን መግዛት የሚያንሳቸው መሆናቸውን አሳየ፤ ግን በሥራ ትጋትና ጥንቃቄ ካልታሰሩት በልጠው ተገኙ። ግራ የሚያጋባ ቢመስልም ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የሐሰት ሒሳብን ለዓመታት ሳያዛንፍ ለመያዝ ትጉህ መሆን ያስፈልጋል፤ ሰነፍ ሰው እዚያ ወንበር ላይም አይደርስም።

የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት መምህሩ ዩጂን ሶልተስ በ2016 ባሳተመው መጽሐፍ ወደ 50 የሚጠጉ የተፈረደባቸው ኃላፊዎችን አነጋግሯል። እሱ የደረሰበት ነገር በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለ ነው። ብዙዎቹ ትርፍና ኪሳራ አስልተው ወንጀል አልመረጡም፤ ጭራሽ አላሰቡበትም። ተጎጂው በዓይን አይታይም፣ ስም የለውም፣ በሺህ የሚቆጠሩ ባለአክሲዮኖች ውስጥ የጠፋ ነው። ጎረቤቱን ለመስረቅ የሚሰቀጥጠው ሰው በሰንጠረዥ ላይ አንድ ቁጥር ሲቀይር ምንም አይሰማውም። ርቀቱ የሁሉንም ሰው ርኅራኄ ያደነዝዛል።

የሰንቢም ኩባንያ ጉዳይ

በዚህ ርእስ ላይ ከሚጠቀሱት ታሪኮች አንዱ የአልበርት ደንላፕ ነው። ደንላፕ ስኮት ፔፐር በተባለው የወረቀት ኩባንያ ከ11,000 በላይ ሠራተኞችን አሰናብቶ ኩባንያውን በመሸጡ «መጋዙ አል» የሚል ቅጽል ወጥቶለት ነበር፤ ስሙንም አልጠላውም። በሐምሌ 1996 የቤት ውስጥ ዕቃዎችንና የሥጋ መጥበሻዎችን የሚሠራው ሰንቢም ሲቀጥረው፣ የኩባንያው አክሲዮን በአንድ ቀን ወደ 50 በመቶ ገደማ ዘለለ። ገና ምንም አልሠራም፤ የዘለለው ስሙን ሰምቶ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ12,000ው ሠራተኛ ግማሹን እንደሚቀንስ አስታወቀ።

የ1997 ሒሳብ ሲወጣ ኩባንያው 189 ሚሊዮን ዶላር ማትረፉን ገለጸ። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በኋላ እንዳለው፣ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 60 ሚሊዮኑ በሒሳብ ማጭበርበር የተፈጠረ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። በመጀመሪያ፣ ደንላፕ በገባበት ዓመት ወጪውን አጋንኖ መመዝገብ፤ ዓመቱ ለማንኛውም መጥፎ ስለሆነ ጥፋቱ በቀድሞዎቹ ኃላፊዎች ይሳበባል። በሚቀጥለው ዓመት ያን የተጋነነ መጠባበቂያ ቀስ እያሉ ወደ ትርፍ መመለስ። በሁለተኛ ደረጃ፣ ሰው በበጋ የሚገዛውን የግቢ መጥበሻ በክረምት ለነጋዴዎች በቅናሽ «መሸጥ»። ነጋዴው ዕቃውን አይረከብም፤ ወዲያውም አይከፍልም፤ ዕቃው በመጋዘን ይቀመጣል፤ ሰንቢም ግን ሽያጩን ዛሬ ይመዘግባል። ጉድጓዱ የሚታየው በሚቀጥለው በጋ፣ ነጋዴው መጋዘኑ ሞልቶ አዲስ ትእዛዝ ሲያቆም ነው። የሆነውም ይኸው ነው። በሰኔ 1998 ቦርዱ ደንላፕን አሰናበተው፤ በ2001 ኩባንያው ከአበዳሪዎች ከለላ ጠየቀ።

ደንላፕ በወንጀል አልተከሰሰም። በ2002 ጥፋቱን ሳያምንም ሳይክድም 500,000 ዶላር ቅጣት ከፍሎ ዳግመኛ የሕዝብ አክሲዮን ኩባንያ ኃላፊ እንዳይሆን ታገደ፤ ባለአክሲዮኖች ላቀረቡት ክስም 15 ሚሊዮን ዶላር ከኪሱ ከፈለ። በ2019 አረፈ። ጋዜጠኛው ጆን ሮንሰን በ2011 ለታተመው መጽሐፉ ፍሎሪዳ ወደሚገኘው ቤቱ ሄዶ የሄርን መመዘኛ ነጥቦች አንድ በአንድ አንሥቶለት ነበር። ደንላፕ ብዙዎቹን የመሪነት በጎ ባሕርያት አድርጎ ተረጎማቸው። ሮንሰን ከጉብኝቱ የተመለሰው በጥርጣሬ ነው፤ አንዳንዱ ነጥብ ከሰውየው ጋር ይስማማል፣ አንዳንዱ ጨርሶ አይስማማም፤ ጋዜጠኛውም የሚስማማውን ብቻ የመልቀም ፈተና እንደገጠመው አልሸሸገም።

ከዚህ ታሪክ ሰዎች የሚያስታውሱት የሰውየውን ጭካኔ ነው። የሒሳቡን መዝገብ የጻፉት ግን ሌሎች ናቸው፤ ሒሳቡን መርምሮ የፈረመው አርተር አንደርሰን የተባለው የኦዲት ድርጅት ነው፤ የቀጠረው ቦርድ ነው፤ ሠራተኛ በተባረረ ቁጥር አክሲዮኑን የገዛው ገበያው ነው።

ኤንሮን

በ1985 የተመሠረተውና መቀመጫውን በሂዩስተን ከተማ ያደረገው የኢነርጂ ኩባንያ ኤንሮን በታኅሣሥ 2001 ሲከስር በአሜሪካ ታሪክ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ትልቁ ኪሳራ ነበር። ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበረው ጄፍሪ ስኪሊንግ በ2006 በ19 ክሶች ጥፋተኛ ተባለ፤ 24 ዓመት ከ4 ወር ተፈርዶበት በኋላ ወደ 14 ዓመት ተቀነሰለት። መሥራቹ ኬኔት ሌይ ቅጣቱ ሳይነገር ስለሞተ ፍርዱ ተነሣለት። ዕዳውን በሽርክና ድርጅቶች ውስጥ የደበቀው የፋይናንስ ኃላፊ አንድሩ ፋስታው ጥፋቱን አምኖ 6 ዓመት ተፈረደበት።

ኤንሮን የሚጠቀሰው አሠራሩ ራሱ ሳይኮፓታዊ ባሕርይን የሚሸልም ነበር ተብሎ ነው። ሠራተኞች በየስድስት ወሩ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጣቸው ነበር፤ በመጨረሻው ደረጃ የወደቁት ይባረራሉ። ደረጃውን የሚሰጡት ባልደረቦች ስለሆኑ፣ ባልደረባን መርዳት ራስን መጉዳት ሆነ። ይህ ማለት ግን ሁሉም ክፉ ነበሩ ማለት አይደለም። የዳይሬክተሮች ቦርዱ፣ በትምህርትና በልምድ አንቱ የተባሉ ሰዎች የተቀመጡበት፣ ፋስታው ከኩባንያው ጋር የሚነግዱ ሽርክናዎችን ራሱ እንዲመራ የሥነ ምግባር ደንቡን አንሥቶለታል። በስብሰባ፣ በቃለ ጉባኤ፣ በድምፅ ብልጫ። ሒሳቡን የመረመረውም ያው አርተር አንደርሰን ነው።

ሼረን ዋትኪንስ የተባለች የኩባንያው ምክትል ፕሬዚዳንት በነሐሴ 2001 ኩባንያው በሒሳብ ቅሌት እንዳይፈርስ መስጋቷን ለሌይ ጻፈች። ከዚያ በኋላ አንድ የውጭ ጠበቃ ለኩባንያው በሰጠው አስተያየት፣ የቴክሳስ ሕግ የኩባንያ ጠቋሚዎችን እንደማይጠብቅ ገልጿል። ኩባንያው ከከሰረ ማግስት 4,000 ያህል ሠራተኞች ተሰናበቱ፤ የጡረታ ቁጠባቸውን በኤንሮን አክሲዮን የያዙት ደግሞ ከሥራው ጋር ቁጠባውንም አጡ።

ተራ ሰዎች የፈጸሙት፦ ዌልስ ፋርጎ

ሳይኮፓት የሚለው ማብራሪያ ፈጽሞ የማይመጥነው ጉዳይ የዌልስ ፋርጎ ባንክ ነው። በመስከረም 2016 ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ ሠራተኞቹ ደንበኞች ሳያውቁ በስማቸው ሒሳብ ሲከፍቱ ስለተገኙ ነው። መጀመሪያ 2 ሚሊዮን፣ በኋላ እስከ 3.5 ሚሊዮን የሚደርሱ ሒሳቦች በዚህ መንገድ ሳይከፈቱ እንዳልቀሩ ተገለጸ። በጉዳዩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተባረሩት 5,300 ያህል ሠራተኞች ናቸው። በ2020 ባንኩ ተጨማሪ 3 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

5,300 ሳይኮፓቶች በአንድ ባንክ መስኮት ኋላ ሊሰበሰቡ አይችሉም። እነዚህ በአነስተኛ ደመወዝ የሚኖሩ የቅርንጫፍ ሠራተኞች ናቸው። ባንኩ ለእያንዳንዱ ደንበኛ 8 ዓይነት አገልግሎት እንዲሸጥ ይፈልግ ነበር፤ የዕለት ኮታው ካልሞላ ጭቅጭቅና ማስፈራሪያ፣ ከዚያም ስንብት ይከተላል። ኮታውን በሐቅ መሙላት እንደማይቻል ከታች ያሉት ያውቃሉ፤ ከላይ ያሉት ማወቅ አልፈለጉም። አንዳንዶቹ ሠራተኞች ወደ ውስጥ የቅሬታ መስመር ደውለው ነበር።

ካናዳዊው የሕግ መምህር ጆኤል ባካን በ2004 ባሳተመው መጽሐፍና ከእሱ ጋር በተያያዘው ፊልም፣ ኩባንያ በሕግ ሰው ከሆነ የምን ዓይነት ሰው ነው ብሎ ጠይቆ፣ ሳይኮፓት ነው ሲል መልሷል። ሐሳቡ እንደ ምሳሌ ያስቃል፤ ያስተምራልም። እንደ ሳይንስ ግን መያዝ የለበትም፤ ድርጅት ስሜት የሚጎድለው ከመጀመሪያውም ስሜት የሚባል ነገር ስላልተፈጠረለት ነው።

ከርቀት ስም መስጠት

በዜና የታየን ባለሀብት ወይም የማይወዱትን አለቃ ሳይኮፓት ብሎ መጥራት ቀላል ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከ1973 ጀምሮ አባላቱ ራሳቸው ባልመረመሩት የሕዝብ ሰው ላይ የምርመራ አስተያየት እንዳይሰጡ ይከለክላል። ደንቡ የወጣው በ1964 አንድ መጽሔት ሐኪሞችን ስለ ፕሬዚዳንታዊ ዕጩው ባሪ ጎልድዋተር አእምሮ ጠይቆ ካሳተመ፣ ጎልድዋተርም ከሶ ከረታ በኋላ ነው። እዚህ የተጠቀሱት ደንላፕ፣ ስኪሊንግ፣ ፋስታውም ሆኑ ሌይ በሳይኮፓትነት ተመርምረው የተረጋገጠባቸው አይደሉም፤ የሚታወቀው ድርጊታቸው ነው።

ስያሜው ሌላም ጉዳት አለው። አንድ ኩባንያ ከቅሌት በኋላ «አንድ ክፉ ሰው ነበር፣ አስወጣነው» ካለ፣ ኮታውን ያወጣው፣ ደንቡን ያነሣውና ፊርማውን ያኖረው ሁሉ ነጻ ይወጣል።

ቁጥጥርና ሕግ

ከኤንሮን በኋላ በ2002 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ዋና ሥራ አስፈጻሚውና የፋይናንስ ኃላፊው የሒሳብ መግለጫውን ትክክለኛነት በግል ፊርማቸው እንዲያረጋግጡ ያስገድዳል፤ ጠቋሚ ሠራተኛን መበቀልንም ይከለክላል። በ2010 የወጣው ሕግ ደግሞ ጥቆማው ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቅጣት ካስከተለ ለጠቋሚው ከገንዘቡ ከ10 እስከ 30 በመቶ ይሰጠዋል። ሁለቱም ሕጎች የማንንም ስብዕና አይመረምሩም። ማንም ይሁን ማን፣ ብቻውን መወሰንና ብቻውን መደበቅ እንዳይችል ለማድረግ ይሞክራሉ።

በኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 34 የሕግ ሰውነት የተሰጠው ድርጅት ራሱ በወንጀል ተጠያቂ የሚሆንበትን ሁኔታ ይደነግጋል። ኃላፊው ወይም ሠራተኛው የድርጅቱን ጥቅም ሕገ ወጥ በሆነ መንገድ ለማራመድ ወንጀል ሲፈጽም ድርጅቱም ይቀጣል፤ ይህ ግን ሰውየውን በግሉ ከመጠየቅ አያድነውም። የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ደግሞ ለሚጠቁሙ ሰዎች ከለላ ይሰጣል።

በቅጥር ጊዜ ሳይኮፓቶችን መለየት ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። ሠራተኛው ራሱ የሚሞላው መጠይቅ በቀላሉ ይታለላል፤ «ዋሽተህ ታውቃለህ?» ለሚለው ውሸታም ሰው ምን ብሎ እንደሚመልስ ግልጽ ነው። የሄር መመዘኛም ለቅጥር አልተሠራም። ባቢያክና ሄር ለሥራ ቦታ ያዘጋጁት ሌላ መሣሪያ ስለ አለቃው የሚጠይቀው ባልደረቦቹንና የበታቾቹን ጭምር ነው፤ ከላይ ያለው አለቃ የሚያየው ፊትና ጸሐፊዋ የምታየው ፊት አንድ ስላልሆነ። ይህም ሙሉ መፍትሔ አይደለም። የተናደደ የበታች ጥብቅ ግን ሐቀኛ የሆነውን አለቃ በቅጹ ሊበቀለው ይችላል። ከዚህ ይልቅ በሥራ መዝገብ ላይ የሚታዩ ነገሮች፣ ለምሳሌ በአንድ ክፍል ብቻ ሠራተኞች ተራ በተራ መልቀቃቸው፣ ዓመታዊ ፈቃድ የማይወጣና ሥራውን ለተተኪ የማያስረክብ ኃላፊ፣ የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ሲጠየቅ አጭርና ቀዝቃዛ መልስ መስጠቱ፣ ለቀጣሪም ለኦዲተርም የበለጠ ይናገራሉ።